የወረዳው ሕዝብ ስንት ነው? ከሐዋሳ ዙሪያ የገጠር ቁጥሮች ጀርባ ያለው ስሌት

ስለ ሲዳማ ሕዝብ ብዛት ሲወራ አራት ሚሊዮን የሚል አለ። አምስት የሚል አለ። ከዚያም አስበልጦ የሚናገር አይጠፋም። ሁሉም «ከወረዳ የመጣ መረጃ ነው» ይላል። የሚገርመው ብዙውን ጊዜ እውነቱን ነው፤ ወረዳው ያንን ቁጥር ሰጥቷል። ጥያቄው ወረዳው ራሱ ከየት አመጣው ነው።

ነገሩ የወሬ ማድመቂያ ብቻ ቢሆን ትተነው እናልፍ ነበር። ግን አንድ የገጠር ወረዳ ስንት ጤና ኬላ እንደሚያስፈልገው፣ ምን ያህል በጀት እንደሚደርሰው፣ ስንት ሕፃን መከተብ እንዳለበት የሚሰላው ከዚሁ ቁጥር ተነስቶ ነው። ቁጥሩ ከተዛነፈ ስሌቱም አብሮ ይዛነፋል።

«ፕሮፋይሉ» ላይ የሚሰፍረው

የገጠር ወረዳ ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወይም በፍላሽ የሚዞር አንድ ሰነድ አያጣም። «የወረዳው አጠቃላይ ገጽታ» ይባላል፤ በቢሮ ቋንቋ ፕሮፋይል። ጠቅላላ ሕዝብ፣ ወንድ፣ ሴት፣ የቀበሌ ብዛት፣ አባወራ፣ እማወራ፣ የቆዳ ስፋት በሄክታር፣ ጤና ጣቢያ፣ ጤና ኬላ፣ ትምህርት ቤት፣ የንጹሕ ውኃ ሽፋን በመቶኛ፣ የቀንድ ከብት ብዛት። እንግዳ ሲመጣ ይነበባል። በጀት ሲጠየቅ ይያያዛል። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠራ ተማሪም «የጥናቱ አካባቢ» የሚለው ክፍል ላይ እንዳለ ይገለብጠዋል።

ረድፎቹ ሁሉ በአንድ ሠንጠረዥ ስለተደረደሩ እኩል የሚታመኑ ይመስላሉ። አይደሉም። ጤና ኬላ ስንት ነው ለሚለው ሄዶ መቁጠር ይቻላል። «ነፍሰ ጡር እናቶች» የሚለው ረድፍ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቤት ለቤት ተዞሮ የተሰበሰበ አይደለም። ጠቅላላው ሕዝብ በተወሰነ መቶኛ ተባዝቶ የሚገኝ ነው፤ ከመቶ ሦስት እስከ አራት ያህል። ከአንድ ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትም እንደዚያው ይሰላሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው ረድፍ ሲሳሳት ከሥሩ ያሉት ብዙዎቹ ተከትለውት ይሳሳታሉ።

የውኃ ሽፋን ደግሞ ሌላ ዓይነት ቁጥር ነው። በወረዳው ያሉ የውኃ ተቋማት ለስንት ሰው እንዲያገለግሉ ታስበው እንደተሠሩ ይደመርና ለሕዝቡ ብዛት ይካፈላል። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ የገጠሩ መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር፣ ከ1 ኪሎ ሜትር ባልበለጠ ርቀት ሆነ። ከዚያ በፊት 15 ሊትርና 1.5 ኪሎ ሜትር ነበር። መለኪያው ሲጠብቅ አንድም ቧንቧ ሳይነቀል ሽፋኑ በወረቀት ላይ ወረደ። የሁለት ዘመን ፕሮፋይል ይዞ «ውኃችን ቀነሰ» ብሎ የሚከራከር ሰው መለኪያው መቀየሩን ማየት አለበት።

የመጨረሻው ቆጠራ 1999 ነው

ኢትዮጵያ ዘመናዊ የሕዝብና ቤት ቆጠራ ያካሄደችው ሦስት ጊዜ ነው፤ በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም.። በመጨረሻው የአገሪቱ ሕዝብ 73.7 ሚሊዮን ገደማ ሆኖ ተመዘገበ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ ይካሄዳል ይላል። በዚያ ሂሳብ አራተኛው በ2009 ወይም በ2010 መካሄድ ነበረበት። በጸጥታ ምክንያት ደጋግሞ ተራዘመ። ታብሌት ተገዝቶ፣ የቆጠራ ካርታ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ሁለቱ ምክር ቤቶች በሰኔ 2011 በጋራ ተሰብስበው በአንድ ዓመት አራዘሙት። ቀጥሎ ኮሮና መጣ፤ ከዚያ ጦርነት። አንድ ዓመት የተባለው በዚያው ቀረ።

ሲዳማ በ1999 ገና ዞን ነበር። ቆጠራው 2,954,136 ሰው መዘገበ። ከዚህ ውስጥ በከተማ ይኖር የነበረው ከመቶ 5.5 ብቻ ነው። ስፋቱ 6,538 ካሬ ኪሎ ሜትር ስለነበር በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 452 ሰው ይደርሳል። የአገሪቱ አማካይ በዚያን ጊዜ ከ70 በታች ነበር። እንግዲህ ገጠር ነው፤ ግን ጥቅጥቅ ያለ ገጠር ነው። እንሰትና ቡና በጓሮ የሚተከልበት፣ ቤቱ ከቤት የማይርቅበት፣ መሬቱ ለልጅ ሲካፈል እያነሰ የሚሄድበት። በእንዲህ ዓይነት አካባቢ የጥቂት መቶኛ ስሕተት የብዙ ሺህ ሰው ስሕተት ነው።

ሐዋሳ ከተማ በዚያ ቆጠራ ለብቻዋ ነው የተቆጠረችው፤ 258,808። ይህ ቁጥር በየቦታው «የሐዋሳ ከተማ ሕዝብ» እየተባለ ይጠቀሳል። ነገር ግን ከተማው ውስጥ ይኖር የነበረው 157,139 ሰው ነው። የቀረው ከ100 ሺህ በላይ ሕዝብ በከተማዋ አስተዳደር ሥር ባሉ የገጠር ቀበሌዎች፣ በተለይ በቱላ በኩል፣ የሚያርስ ሕዝብ ነበር። የከተማን ኑሮ ከገጠር ጋር ለማነጻጸር ይህንን ቁጥር የሚወስድ ሰው ገበሬውን ከተሜ አድርጎ እየቆጠረ መሆኑን ልብ አይልም።

ትንበያ የሚሠራው እንዴት ነው

ቆጠራ ከሌለ ወረዳዎች የሚጠቀሙት ትንበያ ነው። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት፣ በቀድሞ ስሙ ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ፣ በየዓመቱ በወረዳ ደረጃ ያወጣዋል። መነሻው የ1999 ቁጥር ነው። በላዩ ላይ የውልደት፣ የሞትና የፍልሰት ግምት ይጨመራል። በወረዳ ደረጃ ስለ ፍልሰት የሚታወቀው ጥቂት በመሆኑ ውጤቱ አንድን የዕድገት ምጣኔ በየዓመቱ እንደማባዛት ይሆናል።

ችግሩ ምጣኔው ላይ ነው። በ1987 እና በ1999 ቆጠራዎች መካከል የቀድሞው ደቡብ ክልል ሕዝብ በዓመት በአማካይ 2.9 በመቶ አድጓል። ይኸው ፍጥነት እስከ 2017 ቢቀጥል የዞኑ ሕዝብ ሐዋሳን ሳይጨምር ወደ 4.9 ሚሊዮን ይጠጋል። ወሊድ ቀንሶ ዕድገቱ 2.5 በመቶ ከነበረ ግን 4.6 ሚሊዮን ነው። ልዩነቱ ከ300 ሺህ ሰው በላይ ነው። በመንገድ የምንሰማው የ«አራት» እና የ«አምስት» ክርክር አንዱ ምንጭ ይኸው ነው። ማንም ሳይዋሽ ሁለት ቁጥር ይወጣል።

ወደ ወረዳ እናውርደው። በ1999 100 ሺህ ሰው የነበረበት ወረዳ በአንዱ ስሌት 167 ሺህ፣ በሌላው 156 ሺህ ይሆናል። የጤና ሚኒስቴር መለኪያ ለ3 ሺህ እስከ 5 ሺህ ሰው አንድ ጤና ኬላ ነው የሚለው። ስለዚህ የ11 ሺህ ሰው ልዩነት ማለት ሁለት ወይም ሦስት ጤና ኬላ ማለት ነው፤ በየኬላው ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ ከነመድኃኒቱ ከነደመወዙ።

ትንበያ ከቆጠራ ጋር ሲገናኝ ምን ሊፈጠር እንደሚችል አገሩ አንድ ጊዜ አይቶታል። የ1999 ውጤት ሲገለጥ የአማራ ክልል ሕዝብ ከትንበያው ከሁለት ሚሊዮን በላይ አንሶ ተገኘ። ጉዳዩ ፓርላማ ድረስ ሄዶ ብዙ አነጋገረ። ትንበያው ነው የተጋነነው ያሉ ነበሩ፤ ቆጠራው ነው ያጎደለው ያሉም ነበሩ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልሞተም። ከዚያ የምወስደው አንድ ነገር ትንበያ ሲቆይ ሰው እንደ እውነት ይይዘዋል የሚለውን ነው።

ሽፋን ከመቶ በላይ ሲሆን

በወረዳ ሪፖርት ላይ «የክትባት ሽፋን 104 በመቶ» ዓይነት ነገር ያየ ሰው መጀመሪያ የሚመጣለት ውሸት ነው የሚለው ነው። አንዳንዴ እውነትም ውሸት ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ግን አካፋዩ ነው የተሳሳተው። አካፋይ ስንል የሥራው ውጤት የሚካፈልበትን ጠቅላላ ቁጥር ነው። ባለሙያዋ 520 ሕፃን በትክክል ከትባ፣ በትንበያው መሠረት በቀበሌዎቹ ያሉት ሕፃናት 500 ብቻ ከሆኑ መልሱ 104 ይሆናል። ከጎረቤት ወረዳ ተሻግረው የመጡ እናቶች ካሉም ያው ነው።

አደገኛው ግን ከመቶ የሚበልጠው አይደለም። እሱ ራሱን ያጋልጣል። አደገኛው ትንበያው ከእውነተኛው ሕዝብ ሲያንስ የሚመጣው 95 በመቶ ነው። ጥሩ ስለሚመስል ማንም አይጠይቀውም። ያልተከተቡት ልጆች ግን ከሠንጠረዡ ውጭ አሉ። ኩፍኝ ሲነሳ ነው የሚታዩት።

ልዩነቱ ምን ያህል ሊሰፋ እንደሚችል ለማየት በ2008 የተካሄደውን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መመልከት ይበቃል። ቤት ለቤት ተሄዶ እናቶች ሲጠየቁና የክትባት ካርድ ሲታይ፣ መሠረታዊ ክትባቶችን ሁሉ የጨረሱት ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ያሉ ልጆች በአገር ደረጃ ከመቶ 39 ነበሩ። በየእርከኑ ተደምሮ የሚወጣው የአስተዳደር ሪፖርት ግን ከዚያ በእጅጉ ከፍ ይል ነበር።

ታዲያ ለምን ሁልጊዜ በጥናቱ አንሠራም? ጥናቱ የናሙና ነው። ናሙና ማለት ከሁሉም ሳይሆን ከተመረጡ ቤቶች ብቻ መጠየቅ ነው። ለክልል የሚሆን መልስ ይሰጣል፤ ለወረዳ አይሰጥም። በአንድ ወረዳ ውስጥ የሚደርሱት ቤቶች በጣም ጥቂት ናቸው፤ ጨርሶ ያልተደረሰበት ወረዳም ይኖራል። ለሲዳማ ሌላም ችግር አለ። ክልል የሆነው በ2012 ስለሆነ ከዚያ በፊት የታተሙ ጥናቶች ሲዳማን «ደቡብ» በሚል ጥቅል ስም ውስጥ አስገብተውታል። የጂንካን፣ የወላይታንና የአለታ ወንዶን ኑሮ በአንድ አማካይ የያዘ ቁጥር ወስዶ «የሲዳማ» ብሎ መጥቀስ አያስኬድም። ሲደረግ ግን በየጊዜው እናያለን።

ትምህርት ቤትም ተመሳሳይ ነገር አለው። ጥቅል ተሳትፎ የሚባለው ዕድሜውን ሳይለይ በክፍል የተመዘገበውን ሁሉ ይቆጥራል። ንጥር ተሳትፎ ለክፍሉ በሚመጥነው ዕድሜ ላይ ያለውን ብቻ ይወስዳል። ዘግይተው የሚጀምሩና የሚደግሙ ልጆች በሚበዙበት ገጠር ጥቅሉ ከመቶ ቢዘል አይግረምዎ። ሪፖርቱ የትኛውን እንደሚል ካልጻፈ ቁጥሩን መዝለል ይሻላል።

የወረዳው ነዋሪ ማን ነው?

በቆጠራና በጥናት የተለመደው መስፈርት አንድ ሰው በቦታው ስድስት ወር ከኖረ ወይም ለመኖር ካሰበ መደበኛ ነዋሪ ነው የሚል ነው። በወረቀት ላይ ቀላል ነው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ከተከፈተ ወዲህ ከዙሪያው ወረዳዎች ብዙ ወጣት ሴቶች ወደ ከተማው መጥተዋል። ለሦስት ለአራት ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ። ለበዓል ወደ ቤት ይሄዳሉ። ደመወዙ አልበቃ ሲል ወይም ፋብሪካው ሠራተኛ ሲቀንስ ይመለሳሉ። በ2014 አሜሪካ የአጎዋን የቀረጥ ነጻ ዕድል ስታነሳ ይህ በግልጽ ታይቷል። እነዚህ ልጆች በቀበሌ መዝገብ ላይ ያሉት የት ነው? ብዙዎቹ መታወቂያቸው የትውልድ ቀበሌያቸው ነው። የሚጠጡት ውኃና የሚታከሙበት ጤና ጣቢያ ግን የሐዋሳ ነው። ገጠሩ ላይ ትርፍ፣ ከተማው ላይ ጉድለት ይፈጠራል።

ከተማዋ ራሷም ትንቀሳቀሳለች። ሐዋሳ ስትሰፋ የዙሪያው ማሳ ሰፈር ይሆናል። ያ ገበሬ ከቤቱ ሳይወጣ የከተማ ነዋሪ ይሆናል። የከተማው ዕድገት የተወሰነው ክፍል ፍልሰት ሳይሆን የወሰን ለውጥ ነው።

ቤተሰብ የሚለውም ቢሆን እንዲህ በቀላሉ አይቆጠርም። ለስታቲስቲክስ ባለሙያው ቤተሰብ ማለት አብሮ የሚኖርና ከአንድ ማዕድ የሚበላ ነው። ለቀበሌው ግን አባወራ ማለት ግብር የሚከፍል፣ መሬት በስሙ ያለ ሰው ነው። ሁለት ሚስት ያለው ሰው ሁለት ጎጆ፣ ሁለት ጓሮ እንሰት ሊኖረው ይችላል። በቆጠራ ሁለት ቤተሰብ ነው፤ በግብር መዝገብ አንድ። ካገባ በኋላ በአባቱ ግቢ ጎጆ ቀልሶ የወጣ ልጅም በአንዱ መዝገብ አለ፣ በሌላው የለም። በ1999 በዞኑ 592,539 ቤተሰብ ተቆጥሮ አማካዩ አምስት ሰው ገደማ ሆኗል። በአባወራ ዝርዝር ላይ ተመሥርቶ በአምስት የሚያባዛ ወረዳ የተለያየ ነገር እያባዛ ነው።

ቀበሌው ራሱ ለምን አይቆጥርም?

ይቆጥራል። አንድ ጊዜም አይደለም። በጤና ኬላው ለየቤቱ የቤተሰብ ማኅደር አለ። የእናት፣ የአባት፣ የልጆች ስምና ዕድሜ፣ መጸዳጃ አለ የለም፣ ውኃው ከየት ነው፣ አጎበር አለ የለም፣ ሁሉም ይመዘገባል። በደንብ ሲያዝ በወረዳው ውስጥ ካሉት ሰነዶች ሁሉ ለእውነቱ የሚቀርበው እሱ ይመስለኛል። ግብርና ጽሕፈት ቤቱ ደግሞ የራሱ የአርሶ አደር ዝርዝር አለው። ገቢዎች የግብር ከፋይ አለው። ሴፍቲኔት ባለበት የተጠቃሚ ዝርዝር አለ። ምርጫ ሲመጣ የመራጭ መዝገብ ይጨመራል።

ዝርዝሮቹ እርስ በርስ አይገናኙም። ለምን እንዳልተገናኙ ለማወቅ እያንዳንዱ መዝገብ ላይ መግባት ምን እንደሚያስገኝና ምን እንደሚያስከፍል ማየት ነው። ዕርዳታ ወይም ማዳበሪያ የሚታደልበት ዝርዝር ያብጣል፤ ቤተሰቡ ልጆቹን ሁሉ ያስቆጥራል፣ ሊቀመንበሩም አይጠላም። ግብርና መዋጮ የሚሰበሰብበት ዝርዝር ይኮማተራል። ይህ የሲዳማ ወይም የአንድ ሰው ጠባይ አይደለም፤ የትም ያለ ነገር ነው። ስለዚህ የቀበሌን ቁጥር ስናነብ ለምን ዓላማ ተሰበሰበ ብለን ብንጠይቅ አቅጣጫው በየት በኩል እንደሚያጋድል መገመት ይቻላል።

ሲዳማ ክልል ይሁን ወይስ አይሁን ለሚለው የተካሄደው የ2012ቱ ሕዝበ ውሳኔ መዝገብ ጥሩ ማሳያ ነው። ኅዳር 10 ቀን በተካሄደው ድምፅ አሰጣጥ 2.28 ሚሊዮን ገደማ ሰው ተመዝግቧል። ከአገሪቱ ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ስለሆነ ይህን በሁለት አባዝቶ ጠቅላላውን ለማግኘት የሞከረ ብዙ ነው። 4.6 ሚሊዮን ገደማ ይመጣል። ከትንበያው ጋር መቀራረቡ ደስ ይላል። ነገር ግን የመራጭ መዝገብ የፈለገውን ሰው መዝገብ ነው እንጂ የነዋሪውን አይደለም፤ ያን ቀን ደግሞ የፈለገው ሰው እጅግ ብዙ ነበር።

መጠበቅ ወይስ ባለው መሥራት?

እዚህ ላይ ባለሙያዎች አንድ ሐሳብ የላቸውም። አንዳንዶች ቆጠራ ሳይካሄድ የሚሠራ ማስተካከያ ሁሉ ፖለቲካ ይገባበታል፣ ስለዚህ በትንበያው እንቆይ ይላሉ። ክርክራቸው ቀላል አይደለም። የፌዴራል ድጎማ ለክልሎች ሲከፋፈል፣ ክልልም ለወረዳ ጥቅል በጀት ሲደለድል የሕዝብ ብዛት ዋና መመዘኛ ነው። ጥቅል በጀት ማለት ለዝርዝር ሥራ ሳይታሰር ለወረዳው በጅምላ የሚሰጥ ገንዘብ ነው። አንዱ ወረዳ ቁጥሩን በራሱ ቢያስተካክል ሁሉም ያስተካክላል፤ የሚያስተካክለውም ወደ ላይ ነው።

ሌሎች የመዝገቦች ጊዜ ነው ይላሉ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ፣ ማለትም የልደት፣ የሞት፣ የጋብቻና የፍቺ ምዝገባ፣ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ተደንግጎ በሐምሌ 2008 በአገር ደረጃ ጀምሯል። ፋይዳ መታወቂያም ሰው እየመዘገበ ነው። ሁለቱም ይረዳሉ። ነገር ግን በገጠር ልጅ ሲወለድ ለማስመዝገብ የሚያስገድድ ጉዳይ ብዙ ጊዜ የለም፤ ትምህርት ቤት ሲገባ ወይም ፓስፖርት ሲያስፈልግ ነው የሚታሰበው። ሞት ደግሞ ከዚያ ያነሰ ይመዘገባል። ለቅሶው በዕድር መዝገብ ላይ ሰፍሮ በቀበሌው መዝገብ ላይ የሌለ ሟች ብዙ ነው። ፋይዳም ማን መሆንህን እንጂ ስንት ሆናችሁ እንደምትኖሩ አይጠይቅም።

በሳተላይት ምስል ቤት ቆጥሮ ሕዝብን መገመትም አለ። ለቆላው ሜዳ ጥሩ ሊሆን ይችላል። ጣሪያው በእንሰት ቅጠልና በቡና ጥላ ዛፍ በሚሸፈንበት ወይና ደጋ ግን ከላይ የሚታየው አረንጓዴ ነው።

የኔ ግምት መካከለኛው መንገድ ይሻላል ነው። ለገንዘብ ድልድል ሁሉም የሚስማማበት ትንበያ ይቆይ። ለሥራ ዕቅድ ግን፣ በተለይ ለክትባትና ለእናቶች ጤና፣ የጤና ኬላው የቤተሰብ ማኅደር አካፋይ ይሁን። ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን በፕሮፋይሉ ላይ ይጻፉ፤ ምንጫቸውና ዓመታቸውም አብሮ ይጻፍ። ልዩነታቸው ራሱ መረጃ ነው።

ቆጠራው ሲመጣ

አራተኛው ቆጠራ በመጣ ጊዜ የመጀመሪያው ፈተና ካርታው ነው። ቆጠራ የሚሠራው አገሩን በትናንሽ የቆጠራ ቦታዎች ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ቆጣሪ በመስጠት ነው። ለ2011 የተዘጋጀው ካርታ ሲዳማ ዞን በነበረበት ጊዜ የተሠራ ነው። ከዚያ ወዲህ ሲዳማ ክልል ሆኗል፣ በውስጡ ዞኖች ተዋቅረዋል፣ አዳዲስ ወረዳዎች ተከፍለዋል። የ1999 ቁጥር በአሮጌው ወሰን ስለሆነ አዲስ የተከፈለ ወረዳ ዕድገቱን ከምን ጋር እንደሚያነጻጽር ቀበሌ በቀበሌ መደመር ይኖርበታል። አንድ ቀበሌ ለሁለት ከተሰነጠቀ ያም አይሠራም።

ሁለተኛው የበጀቱ ድንጋጤ ነው። ከትንበያው በታች የተገኘ ወረዳ ሽፋኑ በአንድ ሪፖርት ዘመን ይወጣል፤ ጥቅል በጀቱ ግን ይወርዳል። በላይ የተገኘው ተቃራኒው ይገጥመዋል፤ ገንዘብ ያገኛል፣ ሽፋኑ ግን ያሽቆለቁልና ባለሙያዎቹ ያልሠሩ ይመስላሉ። ወጣቶቻቸው ወደ ሐዋሳ የሚሄዱባቸው ወረዳዎች በመጀመሪያው፣ ከተማዋ እየበላቻቸው ያሉት ዳርቻ ቀበሌዎች በሁለተኛው ወገን የመውደቅ ዕድላቸው ሰፊ ነው። የድልድሉ ለውጥ በአንድ ዓመት ሳይሆን በሁለት ሦስት ዓመት ተከፍሎ ቢተገበር የደመወዝ መክፈያ የሚያጣ ወረዳ አይኖርም። ይህን ደንብ ደግሞ ማን እንደሚያገኝና ማን እንደሚያጣ ሳይታወቅ፣ ከውጤቱ በፊት ማውጣት ይቀላል።